አጃ፣ ስኳርና ስሌት፦ ቀለል ያለ የአጃ ብስኩት በቤት ስለ መጋገር

ለሕዝብ ክፍት በሆነው የምግብ ሳይንስ የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ በዚህ አዳራሽ ከለመድናቸው ርእሶች ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ሊመስል ይችላል። የምናገረው ስለ አንድ ብስኩት ነው። ይሁን እንጂ ክብደቱን ለመቆጣጠር የሚጥር ሰው በትልቁ ማዕድ ላይ ከሚፈተነው ባልተናነሰ ከቡና ጋር በምትቀርበው ትንሽ ሳሕን ላይ ይፈተናል።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴን ሐኪሟ ክብደት እንድትቀንስ መከራት። እኔም የምግብ ሳይንስ አስተምራለሁና፣ ጣፋጭ እንዳይናፍቃት ብዬ ቅቤውንና ስኳሩን ቀንሼ የአጃ ብስኩት ጋገርሁላት። “እማዬ፣ ይህ ቀላል ነው፤ እንደ ልብሽ ብዪ” አልኋት። ሦስት ወር ካለፈ በኋላ ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም። እናቴ አዘነች፤ “ሰውነቴ እንቢ አለኝ” ብላ ራሷን ወቀሰች። በኋላ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ስቀመጥ፣ የተሳሳተው የእኔ ምክር መሆኑን ተረዳሁ። ዛሬ የማካፍላችሁ ያንን ስሌት ነው።

አስቀድሜ ስለ አጃ ጥቂት ልበል። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት አጃን ሲፈታ፣ በእንግሊዝ ለፈረስ የሚሰጥ፣ በስኮትላንድ ግን ሰውን የሚመግብ እህል መሆኑን በለበጣ ጽፏል። በእኛም ሀገር የአጃ ክብር ከጤፍና ከስንዴ በታች ሆኖ ኖሯል። የኢትዮጵያ አጃ የሚባለው ዝርያ በደጋው ከገብስ ጋር ተቀላቅሎ ይበቅላል፤ ገበሬውም ከገብሱ ጋር አብሮ ያጭደዋል። ያም ሆኖ አራስን ለማጠንከር፣ የታመመን ለማበርታት አጥሚት ሲታሰብ አጃ ከሚታወሱት እህሎች አንዱ ነው።

ዛሬ ይኸው እህል ተዳምጦ፣ ‹ኦትስ› ተብሎ፣ የጤና ምግብ የሚል ስም ይዞ በየሱቁ ተደርድሯል። ስሙ ያለ ምክንያት አልተሰጠውም። አጃ ቤታ ግሉካን የሚባል፣ በውኃ ውስጥ የሚሟሟ አሰር አለው። ይህ አሰር በሆድ ውስጥ እየወፈረ የምግቡን ጉዞ ያዘገያል፤ የጥጋብ ስሜትም ያቆያል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1997፣ የአጃ ሟሚ አሰር የልብ ሕመም ሥጋትን ሊቀንስ እንደሚችል አምራቾች በማሸጊያ ላይ እንዲገልጹ ፈቅዷል፤ ለዚህም በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን ያስፈልጋል። ይህን ያህል ለማግኘት 75 ግራም ገደማ ደረቅ አጃ መብላት ይኖርብናል። ዛሬ በማቀርበው አሠራር ግን በአንድ ብስኩት ውስጥ የሚገኘው አጃ 6 ግራም ብቻ ነው። ስለዚህ የአጃን ጥቅም የሚሻ ሰው የጧት ገንፎውን ወይም አጥሚቱን ይያዝ፤ ብስኩቱ እንደ ጣፋጭ ይቆጠር። በጉልበት ሰጪነትም ቢሆን 100 ግራም አጃ 380 ኪሎካሎሪ ያህል ሲሰጥ፣ የስንዴ ዱቄት 364 ገደማ ይሰጣል። አጃ ስለገባበት ብቻ ብስኩት አይቀልም።

አሁን ወደ ስሌቱ እንምጣ። በተለመደው አሠራር 100 ግራም አጃ፣ 60 ግራም ዱቄት፣ 100 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 100 ግራም ስኳር፣ አንድ እንቁላልና 50 ግራም ዘቢብ ይገባል። በምግብ ይዘት ሠንጠረዥ ስናሰላው ጠቅላላው 1,930 ኪሎካሎሪ ገደማ ይሆናል። ለ20 ብስኩት ሲካፈል እያንዳንዱ 96 ይደርሰዋል። ከጠቅላላው ከአንድ ሦስተኛ የሚበልጠው፣ ማለትም 717 ያህሉ፣ የሚመጣው ከቅቤው ነው። አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎካሎሪ ሲሰጥ፣ አንድ ግራም ስኳር 4 ብቻ ይሰጣልና፣ መቀነስ የሚጀመረው ከቅቤው ነው።

ሆኖም ቅቤንና ስኳርን ዝም ብሎ ማውጣት አይቻልም፤ ሁለቱም ሥራ አላቸው። ቅቤ የዱቄቱን ፕሮቲን ሸፍኖ ግሉተን እንዳይጠነክር ያደርጋል፤ ብስኩቱ ሲነከስ የሚፈረፈረው ስለዚህ ነው። ስኳር ከማጣፈጡ በላይ እርጥበት ይይዛል፤ በሙቀት ቀልጦ ሊጡ በትሪው ላይ እንዲዘረጋ ይረዳል፤ ቡናማውን መልክና መዓዛም ያመጣል። ሁለቱንም ጨርሶ ያስወጣ ሰው የሚያገኘው ደረቅ ዳቦ ነው። ጥበቡ በከፊል መቀነስና የጎደለውን ሥራ ለሌላ መስጠት ላይ ነው።

አሠራሩን እነሆ። 120 ግራም አጃ በደረቅ መጥበሻ ላይ፣ መዓዛው እስኪወጣ ድረስ በመጠነኛ እሳት ይታመሳል። ቆሎ ለሚያምስ ሕዝብ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከስኳሩ ጋር የሚጎድለውን ጣዕም በከፊል የሚተካው ይኸው መታመሱ ነው። 45 ግራም ለስላሳ ቅቤ ከ50 ግራም ስኳር ጋር ይመታል። አንድ እንቁላልና በደንብ የበሰለ 100 ግራም የተፈጨ ሙዝ ይጨመራል፤ ሙዙ እርጥበቱንና የጣፋጭነቱን አንድ ክፍል ይሸከማል። ቀጥሎ 60 ግራም ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ ቁንጥር ጨው፣ የታመሰው አጃና 30 ግራም የተከተፈ ዘቢብ ይገባሉ። ቀረፋ ስኳር ባይሆንም ጣፋጭነት ጎልቶ እንዲሰማን ያግዛል፤ ኮረሪማ የሚወድም ጥቂት ሊጨምር ይችላል።

ሊጡ ግማሽ ሰዓት ይረፍ፤ አጃው እርጥበቱን ይጠጣል። ከዚያም እያንዳንዱ 23 ግራም ገደማ የሚመዝን 20 ድብልብል ይዘጋጃል። ቅቤውና ስኳሩ ስለቀነሱ ሊጡ በራሱ አይዘረጋም፤ በሹካ ጀርባ ተጭናችሁ አሳሱት። በ175 ዲግሪ ሴልሺየስ በጋለ ምድጃ ከ12 እስከ 14 ደቂቃ ይጋገራል። ጠርዙ ሲቀላ፣ መሐሉ ገና ለስላሳ ሳለ አውጡት፤ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በመሆኗ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ እርጥበት ቶሎ ይተናል፤ ጋዝም ይበልጥ ይነፋል። ስለዚህ ከቆላማ አገር የመጣ አሠራር ስትከተሉ ቤኪንግ ፓውደሩን ቀንሱ፤ የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎችም ከምድጃው አትራቁ።

ለጾም ቅቤው በ35 ግራም ዘይት፣ እንቁላሉም በተጨማሪ ግማሽ ሙዝ ሊተካ ይችላል። እዚህ ላይ ግን ሁለት የተለመዱ ስሕተቶችን ላርም። ዘይት ከቅቤ የተሻለ የስብ ዓይነት ሊኖረው ይችላል፤ ቀላል ግን አይደለም። በክብደት ሲመዛዘኑ እንዲያውም ዘይት ይበልጣል። ማርም እንዲሁ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 64 ኪሎካሎሪ ገደማ ሲሰጥ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር 49 ገደማ ይሰጣል። ማር የተከበረ ምግብ ነው፤ ክብሩ ግን ከስሌት ነጻ አያወጣውም። የስኳር ሕመም ያለበትም ሰው ሙዙንና ዘቢቡን ጭምር ቆጥሮ ሐኪሙን ያማክር።

የአዲሱ አሠራር ድምር 1,440 ኪሎካሎሪ ገደማ ነው። ለ20 ሲካፈል እያንዳንዱ 72 ይሆናል። ከ96 ወደ 72 መውረድ፣ ማለትም የሩብ ቅናሽ፣ መልካም ውጤት ነው። አሁን ይህን ልብ በሉልኝ፦ ሦስት ጊዜ 96፣ 288 ነው። አራት ጊዜ 72ም 288 ነው። ቀድሞ ሦስት ይበላ የነበረ ሰው “ቀላል ነው” ብሎ አራት ከበላ፣ የደከምንበት ሁሉ በአንዲት ብስኩት ባክኖ ቀረ ማለት ነው። አምስት ከበላ ደግሞ ከድሮው ብሷል። የእናቴ ታሪክ ይኸው ነበር። ቅቤውን የቀነስሁት በእጄ፣ መልሼ የጨመርሁት “እንደ ልብሽ” በሚለው አንደበቴ ነበር።

ስለዚህ የብስኩቱ ቅለት በሊጡ ውስጥ ተጀምሮ በሳሕኑ ላይ ይፈጸማል። ይህ ደግሞ ከባህላችን ጋር ያገናኘናል። እንግዳ “በቃኝ” ሲል እውነት አይመስለንም፤ “በሞቴ” ብለን እናስጨምረዋለን። ይህ ፍቅር ነው፤ እንዲጠፋም አልመኝም። ነገር ግን ክብደቱን ለሚጠብቅ ወዳጃችን ፍቅራችንን በሌላ መንገድ እንግለጽለት፤ ሁለት ብስኩት በንጹሕ ሳሕን አቅርበን፣ ቡናውን ሦስተኛ እስኪደርስ አብረነው እንጠጣ። የቀረው ሊጥ ተድቦልቡሎ በማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል ይቀመጥ፤ በተፈለገ ቀን የሚፈለገው ያህል ብቻ ይጋገር። ከዓይን የራቀ ብስኩት ከእጅም ይርቃል።

እናቴ ዛሬም የአጃ ብስኩቷን ትበላለች። ሁለት ብቻ፣ ከቡናዋ ጋር፣ ቀስ ብላ። ሚዛኑም ቀስ በቀስ መውረድ ጀምሯል፤ የጧት የእግር ጉዞዋ ከብስኩቱ የበለጠ ድርሻ እንዳለው አልክድም። ለእኔ ትልቁ ነገር ግን ራሷን መውቀስ ማቆሟ ነው። ሚዛን እንቢ ያላችሁ ካላችሁ ሰውነታችሁን ከመውቀሳችሁ በፊት ወረቀትና እርሳስ ያዙ፤ ምናልባት ጥፋቱ “እንደ ልብህ ብላ” ያላችሁ ሰው ሊሆን ይችላል።