ሥራ ሲቆም የመጋዙን ምላጭ ስለ ማላላት

በድሬ ዳዋ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለወርክሾፕ ኃላፊዎች የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ሆኖም የወጣቶች እጅና በምእመናን ገንዘብ የተገዛ ንብረት ያለበት ስለሆነ ቸል የሚባል አይደለም። በእንጨት ሥራ ክፍላችን የሚገኘው ባንድ ሶው ሥራ ላይ በማይሆንበት ጊዜ የምላጩ ውጥረት ይላላ ወይስ እንዳለ ይቆይ?

ባንድ ሶው ጫፍና ጫፉ ተበይዶ ቀለበት የሆነ፣ ጥርስ ያለው ረዥም ምላጭ ነው። ላስቲክ በለበሱ ሁለት መንኮራኩሮች ላይ ይዞራል፤ የላይኛውን መንኮራኩር ሞላ እየገፋ ምላጩን ይወጥረዋል። ሐሳቡ በእንግሊዝ አገር በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቢፈልቅም፣ መታጠፉን የሚችል ምላጭና ብየዳ ስላልተገኘ ለብዙ ዘመን ሥራ ላይ ሳይውል ቆይቷል። ፈረንሳዊቷ አን ፖሊን ክረፐን የብየዳ ዘዴዋን እ.ኤ.አ. በ1846 ካስመዘገበች በኋላ ነው መላ የተገኘለት። የዚህ ማሽን ጭንቅ ከጥንቱም ምላጩ ነበር።

በከተማችን የማሽን ሙያ እንግዳ አይደለም። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ ከደረሰ ወዲህ በምድር ባቡር ወርክሾፕ ብዙ ባለሙያ ተኮትኩቶ አድጓል። ከነባር ባለሙያዎች «ብረት ተወጥሮ ቢቆም ምን ይሆናል?» የሚሉ አሉ። አባባላቸው እውነትነት አለው። ምላጭን የሚያደክመው መቆሙ ሳይሆን፣ በሚዞርበት ጊዜ ደጋግሞ መታጠፉና መቃናቱ ነውና። ስለዚህ ማላላት ምላጩን ከመበጠስ ያድነዋል አንልም። የሚጠቀሙት ሌሎቹ ክፍሎች ናቸው፤ ላስቲኩ በአንድ ቦታ ተጭኖ አይሰረጎድም፤ ሞላው አይደክምም፤ ዘንጉና ኩሽኔታው ያለ ሥራ ሸክም አይሸከሙም።

ሁለተኛው ምክንያት ሙቀት ነው። 4 ሜትር ርዝመት ያለው የብረት ምላጭ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር 1.4 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ሠራተኛው በሥራ መካከል ላልቶ ሲያገኘው ያጠብቀዋል፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ግን ያጥርና ከታሰበለት በላይ ይወጠራል።

ታዲያ ሁልጊዜ እናላላው? ለሻይና ለምሳ ዕረፍት አያስፈልግም። በየቀኑ ለሚሠራ ማሽን የአምራቹን መመሪያ መከተል ይበቃል። የእኛ ወርክሾፖች ግን በሰሙነ ሕማማትና በትንሣኤ፣ እንዲሁም ለታኅሣሥ 19 ወደ ቁልቢ ገብርኤል ስንወጣ ለቀናት ይዘጋሉ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ማላላት ይገባል።

የምንሰጋው ማላላቱ ራሱ ከሚያመጣው አደጋ ነው። በአንዱ ወርክሾፓችን ቅዳሜ የላላ ምላጭ ሰኞ ሳይወጠር ሠልጣኙ ሞተሩን አስነሣው። ምላጩ ከመንኮራኩሩ ወጥቶ በሽፋኑ ውስጥ ተጨማደደ። ሽፋኑ ተዘግቶ ስለ ነበር ማንም አልተጎዳም። ጥፋቱ የልጁ አልነበረም፤ ማላላታችንን ያልነገርነው እኛ ነን።

ከዚህ ተምረን የምናቀርበው ሥርዓት የሚከተለው ነው። የሚያላላው ሰው አስቀድሞ ማሽኑን ከሶኬት ይንቀል፤ ጠፍቶ የነበረ መብራት በድንገት ሲመጣ ማሽኑ እንዳይነሣ ይህ ሁልጊዜ ይጠቅማል። ምላጩ ከመንኮራኩሩ እስኪወርድ ሳይሆን በመጠኑ ያላላው። መወጠሪያውን ስንት ዙር እንዳዞረ በመዝገብ ይጻፍ። «ምላጩ ላልቷል» የሚል ጽሑፍም በማብሪያው ላይ ያንጠልጥል። ሥራ የሚጀምረው ሰው በመዝገቡ መሠረት መልሶ ይወጥር፤ መንኮራኩሩን በእጁ እያዞረ ምላጩ መስመሩን መያዙን ይመልከት፤ ሽፋኑን ይዝጋ። ጽሑፉን የሚያነሣው ይህን ሁሉ ከፈጸመ በኋላ ነው።

ይህን ሥርዓት መጠበቅ የማይችል ወርክሾፕ ቢኖር፣ ምላጩን እንደ ተወጠረ መተው ይሻለዋል እንላለን። የተሰረጎደ ላስቲክ በገንዘብ ይተካል፤ የተቆረጠ ጣት ግን አይተካም። ስለሆነም እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ ከመጪው በዓል በፊት ለማሽኑ አንድ ኃላፊ እንዲሰይም፣ መዝገቡንና ጽሑፉንም እንዲያዘጋጅ በአክብሮት እናሳስባለን።