ለደረት የሚረዳን ምግብ፣ ቅጠልና ትንፋሽ
(የጤና ኮሚቴው በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ያቀረበው ንግግር)



የጤና ኮሚቴ ብላችሁ የመረጣችሁን እኛ ሦስት ሴቶች ሐኪሞች አይደለንም። ሁለታችን እንጀራ ጋጋሪዎች ነን፤ አንዳችን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ትሸከም ነበር። ዛሬ የምንነግራችሁን የተማርነው ከጤና ጣቢያ ነርሶችና ሆስፒታል ስንመላለስ ካገኘናቸው ሐኪሞች ነው፤ የቀረውን የተማርነው ከገዛ ደረታችን ነው። ርእሱን የመረጣችሁት እናንተ ናችሁ። «ለደረት ምን እንብላ? ምን እንጠጣ?» የሚለው ጥያቄ ሳይነሳ ያለፈ ወርኃዊ ስብሰባ የለንም። ወደ መልሱ ከመሄዳችን በፊት ግን የአንዲት እህታችንን ነገር እንንገራችሁ። እሷም «ተናገሩት፣ ስሜን ብቻ ተዉት» ብላናለች።

ይህች እህታችን ከሃያ ዓመት በላይ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ልጆቿን አሳድጋለች። መስኮት በሌለው ማድ ቤት፣ በሦስት ጉልቻ፣ በእርጥብ እንጨት። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ሳል ይዟት ነበር። ቀጥሎ ዳገቱን ስትወጣ ሁለት ቦታ ቆማ ማረፍ ጀመረች፤ ኋላ አራት ቦታ ሆነ። «ብርድ ነው» አለች፤ እኛም «ብርድ ነው» አልናት። ጤና ጣቢያ አክታዋ ተመርምሮ ነቀርሳ የለብሽም ተባለች። ወደ ሆስፒታል ተላከችና በመሣሪያ አስተንፍሰው ሲያዩአት የአየር ቧንቧዎቿ ጠበዋል፣ ይህም ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ነው አሏት። ሲጋራ በአፏ ዞሮ አያውቅም። ሲጋራዋ ማድ ቤቷ ነበር። ፓፍ ታዘዘላት።

ፓፉን ለሁለት ወር ወሰደች፤ ተሻላትም። ከዚያ ጎረቤት መጥታ «ፓፍ ሱስ ያስይዛል፣ አንዴ የጀመረው አይተወውም፣ ልብም ያደክማል» አለቻት። (ይህን ለሰው ብላ የማታውቅ ካለች እጇን ታውጣ። እኛ አናወጣም።) ፓፉን ሣጥን ውስጥ ከተተችው። በፋንታው ጠዋት ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ቀን ፌጦ በሎሚ፣ ማታ ደግሞ ባሕር ዛፍ ቀቅላ በጋቢ ተሸፍና መታጠን ሆነ።

ኅዳር ሲታጠን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ያን ሁሉ ሰው ከጨረሰ ወዲህ የቆየ ልማድ ነው፤ ዛሬም በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻው ተጠራርጎ በየደጁ ይቃጠላል። በሽታ ያባርራል የተባለው ጭስ በእህታችን ላይ በሽታ ጠራባት። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ልጇ በራችንን ደበደበ። ስንደርስ ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ቃል ማውጣት አቅቷታል። በላዳ ታክሲ አደረስናት። ዘጠኝ ቀን ኦክስጅን ላይ ተኝታ ወጣች። ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አብራን ተቀምጣለች።

እኛን እስከ ዛሬ የሚከነክነን ግን ሌላ ነው። በዚያች ሌሊት፣ ታክሲ ውስጥ ሆነን፣ ከሦስታችን ሁለታችን ስለ እድሩ ድንኳን አስበናል። እድራችን ለቀብር ገንዘብ አለው። ለፓፍ ግን አልነበረውም።

ስለዚህ ከዚህ በኋላ የምንለውን ሁሉ ይህን ይዛችሁ ስሙን። የጠበበ የአየር ቧንቧን የሚከፍት ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ነው። ምግቡ፣ ቅጠሉና ትንፋሹ ከጎኑ ሆነው ያግዛሉ። ለማገዝ ደግሞ በእውነት ያግዛሉ፤ አንናቃቸውም።

ከምግብ እንጀምር። ደረቱ የታመመ ሰው መተንፈስ ራሱ ሥራ ይሆንበታል። ቁጭ ብሎም ቢሆን እንጨት እንደሚሸከም ሰው ጉልበት ይጨርሳል። ደግሞ መብላትም ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ስለዚህ ሁለት ጊዜ ጎርሶ ሰሐኑን ይገፋል። እንዲህ እየከሳ ሲሄድ የሚቀልጠው ስብ ብቻ አይደለም፣ የሚያስተነፍሰው ጡንቻም አብሮ ይቀልጣል። «ከሳሽ፣ አማረብሽ» የምንላትን ሴት ቆም ብለን ማየት አለብን። በዚህ በሽታ መክሳት መጥፎ ምልክት ነው።

ብልሃቱ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ መብላት ነው፤ በቀን አምስት ወይም ስድስት ጊዜ። ሆድ ጢም ብሎ ሲሞላ ከሥር ደረትን ይገፋል፣ ሳንባ መዘርጊያ ያጣል። ከመብላት በፊት ትንሽ ማረፍ፣ ቀጥ ብሎ መቀመጥ፣ በልቶ ወዲያው አለመተኛት። ምሳ ከባዱ ምግብ ቢሆን፣ ራት ቀለል ቢል። ጡንቻ የሚጠግነው እንቁላል፣ ወተት፣ አይብ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ኦቾሎኒ ነው። ሽሮ የድሀ ምግብ ነው ብላችሁ አትናቁት፤ ዘይት ጠብ ተደርጎበት፣ ጎመን ከጎኑ ሆኖ፣ ለደረት በሽተኛ ጥሩ ምግብ ነው። ባቄላና ሽምብራ ሆድ ይነፋሉ፤ ሌሊቱን ዘፍዝፎ ውኃውን ደፍቶ በአዲስ ውኃ መቀቀል ይቀንሰዋል። ለስላሳና አምቦ ውኃም ሆድ ይነፋሉ። እግሯ የሚያብጥ ሴት ጨው ትቀንስ።

«ወተት አክታ ያበዛል» የሚለውን ነገር ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ነርሷን ስንጠይቃት ወተት ከምራቅ ጋር ተቀላቅሎ ጉሮሮ ላይ ወፈር ብሎ ይሰማል እንጂ ሳንባ ውስጥ አክታ አይጨምርም አለችን። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ ክኒኖችን ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ እህቶች አሉን፤ እነዚህ ክኒኖች አጥንት ያሳሳሉና ወተት ለእነሱ ይበልጥ ያስፈልጋል። እነዚያው ክኒኖች ስኳርም ከፍ ያደርጋሉ፤ ስኳር ያለባት ማሩን ትጠንቀቅ።

ጾምን በተመለከተ ብዙ ተከራክረናል። ከእኛ አንዷ እንኳን ዐቢይ ጾም የሰኔን ጾም የማትፈታ ናት። ግን ኪሎዋ የወረደ በሽተኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆዷን ስትቆይ አይተናል። ክርስቲያን የሆነች የነፍስ አባቷን ታማክር፤ ለታመመ ሰው የሚሉት አላቸው። ሙስሊም እህቶቻችንም ለታመመ ሰው ጾምን ማቆየት የተፈቀደ መሆኑን ከእኛ በላይ ያውቃሉ። ጾሙን የምትጾም ደግሞ ተልባ፣ ሰሊጥ፣ ሱፍ፣ ኦቾሎኒ አይጥፋባት።

አሁን ወደ ቅጠላ ቅጠሉ። እዚህ ላይ እናቶቻችን ሲቆጡን ይታየናል። ጦስኝ በሙቅ ውኃ፣ ዝንጅብል በማር፣ እነዚህ ጥሩ ናቸው፤ ሙቅ ፈሳሽ አክታን ያላላል፣ ማርም ሳልን ያስታግሳል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም። ፌጦና ጥሬ ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆድ ጨጓራ ያቃጥላሉ፤ ጨጓራ ሲያቃጥል ቃሩ ወደ ላይ ይመጣና ሳል ይቀሰቅሳል። ለደረት ብለን የወሰድነው ደረት ያስነሳል ማለት ነው። ጤና አዳም ቡና ላይ አንዲት ቅጠል ስትሆን መዓዛ ናት፤ ጨምቆ በብርጭቆ መጠጣት ግን መርዝ ነው፣ ነፍሰ ጡርንም ያስወርዳል። ጥቁር አዝሙድ በዳቦና በበርበሬ ውስጥ ይኑር፤ ከዚያ በላይ ተስፋ አንጣልበት። በባሕር ዛፍ መታጠን አንዳንዱን ሰው አፍንጫውን ይከፍትለታል፤ ሌላውን ሽታው ደረቱን ያፍነዋል። የፈላ ድስት ላይ በጋቢ መሸፈን ደግሞ ፊት ያቃጥላል። የባሕር ዛፍ ዘይት ከቶ አይጠጣም።

ቡና! ቡና እንዳትከለክሉን ያላችሁ ደስ ይበላችሁ። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ቴኦፊሊን የሚባለው የቆየ የአስም መድኃኒት ዘመድ ነው። የአየር ቧንቧን ለጥቂት ሰዓታት በጥቂቱ ይከፍታል፤ ፓፍን የሚተካ ግን አይደለም። ችግሩ ቡናው ላይ አይደለም። ችግሩ ከሰሉና ዕጣኑ ነው፤ በዚያ ላይ በሩ ተዘግቶ። ደረቷ የታመመ ሴት ቤት ስንሄድ ከሰሉ ደጅ ይቀጣጠል፣ ዕጣኑ ይቅር። አይቀየማችሁም። ቢቀየማችሁም ይለፍ።

ከሁሉ በላይ የረዳን፣ አንድ ሳንቲም ያላስወጣን ግን ትንፋሹ ነው። ነርሷ ያሳየችን እንዲህ ነው። ትከሻን ማላላት። በአፍንጫ ቀስ ብሎ መሳብ፣ አንድ፣ ሁለት። ከዚያ ከንፈርን እንደ ፉጨት አሞጥሙጦ ቀስ ብሎ ማውጣት፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። እሳት እፍ እንደምንለው በጉልበት አይደለም፤ ትኩስ ቡና እንደምናበርደው ነው። ዕድሜያችንን ሙሉ እሳት እፍ ስንል ኖረን አሁን ቀስ ብሎ እፍ ማለት መማራችን አስቆናል። ምክንያቱ ይህ ነው፤ በዚህ በሽታ አየሩ ይገባል እንጂ መውጣት ያቅተዋል፣ ከንፈር ሲጠብ ቧንቧዎቹ ሳይከደኑ ይቆያሉ። ዳገት ስትወጡ፣ ባልዲ ስታነሱ ይህን አድርጉት። ሲብስ ደግሞ ተቀምጦ ወደ ፊት ጎንበስ ማለት፣ ክንድን ጉልበት ላይ ማሳረፍ። በየቀኑ በእግር መሄድም መድኃኒት ነው፤ ትንፋሽ ያጥረኛል ብሎ ተኝቶ መዋል ጡንቻውን ይገድለዋል። እህታችን ከቤቷ እስከ ወፍጮ ቤቱ ትሄድ ነበር፤ አሁን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደርሳለች።

ይህ ሁሉ ሆኖ ጭሱ ካልቀነሰ ግን በቀዳዳ እንስራ ውኃ እንደ መቅዳት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ የቤት ውስጥ ጭስ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ገድሏል። እኛ አገር ጭሱን የሚያብሰው አንዱ ነገር ብርድ መፍራታችን ነው። ምች ይመታናል፣ ብርድ ይገባናል ብለን በሩን ዘግተን እንጋግራለን። ምች ሲመታን ብዙ አላየንም፤ ጭስ ሲመታን ግን አይተናል። በሩ ይከፈት። እንጨቱ ይድረቅ። መብራት ባለበት ሰዓት በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋገር። ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይ የሚፈጀው እንጨት ግማሽ ያህል ቢሆን ነው፤ የጭስ መውጫ ቱቦ ሲጨመርበት ነው ግን ለደረት የሚጠቅመው። ሕፃን አዝሎ መጋገር ይቅር። ሁለት ጋጋሪዎች የሚፈራረቁበትን ማድ ቤት ከዚህ በፊት በሦስት ቤት ሞክረነዋል፤ በአንዱ ቤት ተጣልተው ቀረ፣ በሁለቱ ይሠራል።

ደጋፊዎቻችን፣ ውጭ አገር ያላችሁ እህቶቻችን፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይትና የሻይ ቅጠል በሻንጣ ልካችሁልናል። እግዜር ይስጥልን፤ አልጣልነውም። የሚቀጥለውን ብንጠየቅ ግን የቱቦ ቆርቆሮና የፓፍ ገንዘብ እንመርጣለን። ባለፈው ጥር ከእድሩ ተለይቶ የሚቀመጥ የደረት ሣጥን ጀምረናል፤ ከየአባሉ መዋጮ ጥቂት ይገባበታል፣ ፓፏ ያለቀባትና መግዣ ያጣች ከዚያ ታገኛለች። እስካሁን አራት ሴቶች ተጠቅመዋል። ሣጥኑ ሁለት ጊዜ ባዶ ሆኗል።

ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈ ብርድ ነው ብላችሁ አትቀመጡ፤ የነቀርሳ ምርመራው በጤና ጣቢያ በነጻ ነው። አክታው ሲበዛ፣ ቀለሙ ሲለወጥ ወይም ፓፉ እንደ ወትሮው አልሠራ ሲል በዚያው ቀን ሂዱ። ከንፈር ሲጠቁር፣ መናገር ሲያቅት ሌሊትም ቢሆን አትጠብቁ።

አንድ ነገር ቀርቶናል። ፓፍ በቀጥታ አፍ ውስጥ ሲነፋ አብዛኛው ጉሮሮ ላይ ይቀራል። መሃል የሚገባው ዕቃ ውድ ነው፤ ነገር ግን ባዶ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ቂጡ ላይ በፓፉ አፍ ልክ ተበስቶ፣ ዳሩ አየር እንዳያስወጣ ከታሸገ፣ በጠርሙሱ አፍ በኩል ይተነፈሳል። በደቡብ አፍሪካ ሐኪሞች አስም ባለባቸው ልጆች ላይ ሞክረውት ከሚሸጠው የማይተናነስ ሆኖ አግኝተውታል። ነርሷ ዛሬ ከሻይ በኋላ በኋለኛው ክፍል እየሠራች ታሳያለች። ፓፍ ያላችሁ ፓፋችሁን ይዛችሁ ግቡ፤ ሣጥን ውስጥ የደበቃችሁትም ብትሆኑ። ሃይላንዱን ሰብስበን አጥበነዋል፣ ለሁላችሁም ይበቃል።