የሚዛኑ ልጅ፦ ስለ ሠራተኛ ቅጥርና አያያዝ
(በምሥረታ በዓሉ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ስለ ኩንታል ብዛትና ስለ ትርፍ ክፍፍል ብዙ ሰምታችኋል። እኔ እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ሠራተኛ ነው። ርዕሱ ደረቅ ይመስላል። ነገር ግን የሲናናም ሆነ የአጋርፋ ገበሬ ዩኒየኑን የሚያውቀው ስንዴውን በሚመዝንለት ልጅ እንጂ በሊቀ መንበሩ አይደለም።

የራሴን ስሕተት ልንገራችሁ። ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ መሠረታዊ ማኅበር ኮሚቴ ውስጥ ሳገለግል መጋዘን ጠባቂ ፈለግን። ማስታወቂያ ሳንለጥፍ የአንዱን ኮሚቴ አባል የእኅት ልጅ ቀጠርን። እጃቸውን ካወጡት አንዱ እኔ ነበርኩ። ልጁ ሌባ አልነበረም፤ መዝገብ መያዝ ግን አያውቅም። የቦና ምርት ሲገባ ደረሰኝ ሳይቆርጥ ይረከብ ነበር። በቆጠራ ጊዜ 14 ኩንታል ጎደለ። ተሰርቆ ይሁን ወይስ እርጥብ ገብቶ ሲደርቅ ቀልሎ፣ ሊያስረዳ የቻለ የለም። ልጁን መጠየቅ አጎቱን ማስቀየም ሆነ። በተከታዩ የገና ምርት (በዓሉን ማለቴ አይደለም) ብዙ አባላት እህላቸውን ለነጋዴ ሸጡ።

ስለዚህ መጀመሪያ ሥራው ምን እንደሆነ ይጻፍ። ከዚያ ማስታወቂያው ሮቤም፣ ጎባም፣ በየቀበሌውም ይለጠፍ። አጋርፋ በግብርና የሠለጠኑ ወጣቶች የሚወጡበት ኮሌጅ በቅርባችን አለ። ፈተናው ሚዛኑ ዘንድ ይሁን፦ አንድ ጆንያ ይመዝን፣ እርጥበቱን ይለካ፣ ደረሰኝ ይቁረጥ፣ ምርቱ ለምን እንደተመለሰበት ለአንድ አዛውንት በአፋን ኦሮሞ በትሕትና ያስረዳ። ይህን የቻለ ሰው የማን ዘመድ እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እስከ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ይፈቅዳል፤ በቀድሞው አዋጅ 45 ቀን ነበር። ስምምነቱ ግን በጽሑፍ መሆን አለበት። እኛ በቃል እንቀጥርና ችግሩ ሲመጣ ወረቀት እንፈልጋለን።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ፤ ኮሚቴዎች አትቆጡኝ። ሠራተኛው አለቃው ብዙ ነው። አንዱ «መጋዘኑን ክፈት» ይለዋል፣ ሌላው «ለእገሌ ማዳበሪያ ስጠው፣ ገንዘቡ ይመጣል» ይለዋል። ቢሰጥ በኦዲት ይጠየቃል፣ ቢከለክል «ጠገበ» ይባላል። ጥሩ ሠራተኛ ጥሎን የሚሄደው ሁልጊዜ በደመወዝ ማነስ ብቻ አይደለም። ኮሚቴው ሥራ አስኪያጁን ይዘዝ፣ ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን፤ ንብረት ሲወጣ ደግሞ በጽሑፍ። ያለ ወረቀት አላወጣም ያለውን ሠራተኛ በስብሰባ ላይ አመስግኑት።

የዓመት ፈቃድም እንዲሁ ነው። አዋጁ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ይሰጣል። እኛ ዘንድ በዓመት ሁለት አዝመራ ስላለ «አሁን አይሆንም» ስንል ዓመቱ ያልቃል። በሁለቱ አዝመራዎች መካከል ማን መቼ እንደሚያርፍ አስቀድሞ ይለጠፍ። የጫኝና አውራጆችም ሒሳብ ሥራው ባለቀበት ቀን ይከፈል፤ ነገ ኮምባይኑ ሌላ ማሳ ሲገባ እነሱን ፈላጊው ብዙ ነው።

ያ የእኅት ልጅ ዛሬ የራሱ ወፍጮ ቤት አለው። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ይለኛል። ስናሰናብተው፣ ሕጉ በነጻ ስጡ የሚለውን የሥራ ልምድ ማስረጃ እንኳ አልሰጠነውም ነበር።