እስቲ ዞር ዞር ብዬ ልምጣ



መርካቶ፣ ገና በጠዋቱ፤ አንዲት እናት ለልጃቸው የትምህርት ቤት ጫማ ይመርጣሉ። ሻጩ ወጣት መሰላል ላይ ወጥቶ ካርቶን ያወርዳል፤ 34 ይጠባል፣ 35 ይሰፋል፣ ጥቁሩ አለ፣ ቡናማው የለም። በስንት መከራ ልኩ ተገኘ። «መጨረሻው ስንት ነው?» ተባለ፤ ተቀነሰ፤ ደግሞ ተቀነሰ። ከዚያ እናትየው ቦርሳቸውን አንግበው «እስቲ ዞር ዞር ብዬ ልምጣ» አሉ።

የሻጭ ፈተናው እዚህ ላይ ነው። ካርቶኑ ወለሉን ሞልቶታል፣ ኪራዩ ይቆጥራል፣ እስካሁን አንድ ጥንድ አልተሸጠም። «ካልገዙ ለምን አስወረዱኝ?» ማለት ያምረዋል።

ሕጉ ግን ከእናትየው ጋር ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ሸማች ዕቃ ስላማረጠ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ብቻ ለመግዛት እንደማይገደድ ይደነግጋል፤ በትሕትናና በአክብሮት መስተናገድም መብቱ ነው ይላል።

ሕጉን ትተን በነጋዴ ሒሳብ ብናየውም ያው ነው። እናትየው ሌሎቹን ሱቆች ሲዞሩ ዋጋ ብቻ ሳይሆን ፊትም ያወዳድራሉ። የተቆጣቸው ዘንድ ዋጋው ቢረክስም መመለስ ያሳፍራቸዋል። ደህና አድርጎ የሸኛቸው ዘንድ ግን ዛሬ ባይሆን ሌላ ቀን ለታናሹ ይመጣሉ።

እናም ዛሬ ከባንኮኒ ጀርባ የምትቆሙ፣ የሚያዋጣችሁን ዋጋ ከቤት ስትወጡ ወስኑ፤ ከዚያ በታች ሲጠየቅ ሳትቆጡ እምቢ በሉ፤ ሳይገዛ የሚወጣውንም «እሺ፣ ይምጡ» ብላችሁ ሸኙ።

ገበያ ይቅናችሁ!