ባለፎቁ ይቀያየራል፤ ባለሱቁ ግን ዛሬም ተከራይ ነው!

(ለአዳማ ባለሱቆች ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



የተሰጠኝ ርዕስ «የአዳማ የገበያ ማዕከላት ትናንትና ዛሬ» የሚል ነው። ስለ መስታወትና ስለ ሊፍት እንዳወራ የጠበቀ ካለ ግን ከወዲሁ ይቅርታ! እኔ የማወራው ከመስታወቱ ጀርባ ስለተቀመጠው ሰው ነው።

ይህችን ከተማ ገበያ ያደረጋት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ጣቢያ ካለ ተሳፋሪ አለ፤ ተሳፋሪ ካለ ደግሞ ሻይ ቤት፣ ጉልትና ሱቅ ይከተላል። በየከተማው የምናስታውሰው የአረብ ሱቅ የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ከስኳር እስከ ላምባ፣ ከመርፌ እስከ አቡጀዲ ሁሉም እዚያው ይገኝ ነበር። እንግዲህ «ሞል» ማለት ሁሉን ባንድ ጣሪያ ሥር መሸጥ ከሆነ፣ የመጀመሪያዎቹን ሞሎች የከፈቱልን የየመን ሰዎች ናቸው ማለት ነው! በ1946 ዓ.ም. ደግሞ የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ የወንጂን ስኳር ፋብሪካ አቆመ። የፋብሪካ ደመወዝ ደግሞ የት እንደሚፈስ ለናንተ አይነገርም።

ከዚያ ሐምሌ 1967 መጣ። ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ። በወር እስከ መቶ ብር የሚከራየው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች ተሰጠ። ባለቤቱ ተለወጠ፤ ተከራዩ ግን ተከራይ ሆኖ ቀረ። «የነጋዴ ልጅ» መባል እንኳ የሚያሳቅቅበት ጊዜ ነበር። ስኳርና ሳሙናም በኩፖን፣ በቀበሌ ሱቅ በር ላይ በሰልፍ ሆነ።

በ1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ «ነፃ ገበያ» አለን። ደስ አለን! መሬቱ ግን ነፃ አልወጣም። በ1986 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ ወጣ፤ በ1994 እና በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ተተካ። ሊዙን የቻለ ፎቅ ሠራ፤ ያልቻለ ከፎቁ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየ። ግራውንዱ ላይ የሞባይልና የልብስ ሱቅ፣ ከዚያ ባንክ፣ ከዚያ ካፌ፣ ከላይ ኮሌጅ ወይም የጥርስ ክሊኒክ። ከፖስታ ቤት እስከ ፍራንኮ ዞር ዞር ብላችሁ እዩ! ስሙና ቀለሙ ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው።

ሱቁ ግን ለምን ቶሎ ቶሎ ይቀየራል? ትናንት ጫማ ቤት የነበረው ዛሬ ኮስሞቲክስ፣ ነገ ጁስ ቤት ይሆናል። «ነጋዴው አልሠራም» ይባላል። እኔ ግን እላለሁ፦ ሠርቷል! ሠርቶ ደንበኛ ሲያፈራ ኪራዩ ይጨመርበታል። ያፈራው ደንበኛ ለአከራዩ የዋጋ መጨመሪያ ምክንያት ይሆናል እንጂ ለሱ ዋስትና አይሆንም። ለቁልፍ የከፈለው ገንዘብም በወረቀት ላይ ስለማይሰፍር ሲወጣ ማንም አይመልስለትም።

በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ወጥቷል። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪውም ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ ከሚያሳውቀው እንዳያልፍ ይላል። መልካም ነው! ግን አዋጁ ለመኖሪያ ቤት ብቻ ነው። ለመሆኑ የባለሱቁ ልጆች የሚበሉት ከየት ነው? ከሱቁ አይደለም እንዴ?

በዚያው ዓመት ሁለት ነገር ተደረበ። አንደኛ፣ የችርቻሮና የጅምላ ንግድ ለውጭ ባለሀብት ተከፈተ። ውድድሩን አልፈራም፤ ግን አንዱ በሚሊዮን ዶላር፣ ሌላው በወር ውል የሚገጥሙበት ግጥሚያ ምን ዓይነት ነው? ሁለተኛ፣ በኮሪደር ልማት የአዲስ አበባ ፒያሳ ነባር ቤቶች ፈረሱ። ሥራው ወደ ክልል ከተሞችም ተሻግሯል። መንገድ ይስፋ፤ አልቃወምም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 መንግሥት የግል ንብረት ለሕዝብ ጥቅም ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሣ በቅድሚያ ይከፈል ይላል። ካሣው ግን በዋናነት የሚያስበው ግንቡን ላቆመው ሰው ነው። ሃያ ዓመት ደንበኛ የገነባው ተከራይስ?

ወገኖቼ! መንገዱ ራሱ ገበያውን ይዞት ይሄዳል። በ2007 ዓ.ም. ፈጣን መንገዱ ሲከፈት የአዳማ ሸማች መርካቶ ደርሶ መመለስ ቀለለው። አዲሱ ባቡር በ2010 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ደግሞ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ይህን ሁሉ ነጋዴው ችሎታል። ያልቻለው ነገ የት እንደሚሆን አለማወቁን ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቅ። የሱቅ ኪራይ ውል የዘመን ወለል ይኑረው። የኪራይ ጭማሪ ልክ ይበጅለት። ለልማት ሲፈርስ ተከራዩ ነጋዴ በምትክ ቦታ ላይ ቅድሚያ ያግኝ። ይህ ልመና አይደለም፤ ግብር ከፋይ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል። ለየብቻ አከራይ ፊት ከቆምን ግን ሸማቂው እኛው፣ ተሸማቃቂውም እኛው!