ሬቲኖልና የደጋ ፀሐይ

አቅራቢ፦ ከቫይታሚን ኤ ወገን የሆነውና ቆዳ አሮጌ ገጹን ጥሎ አዲሱን እንዲተካ የሚያፋጥነው ሬቲኖል፣ ብርቱ እንደ መሆኑ መጠን፣ ያለ ሥርዓት እንደ ልብ የሚቀቡት አይደለምና፣ እኅቴ፣ አጠቃቀሙን ቢያብራሩልን?

ተባባሪ፦ እሺ ወንድሜ። ጀማሪ ሰው በሳምንት 2 ሌሊት ብቻ፣ ፊቱን ታጥቦ ፈጽሞ ካደረቀ በኋላ፣ የአተር ፍሬ የምታህል መጠን ከዓይንና ከከንፈር አርቆ ይቀባል፤ በላዩም ማለስለሻ ይደርባል፤ ሌሊቶቹንም የሚጨምረው ቆዳው ሲለምድ ነው።

አቅራቢ፦ የእኛ የጋይንት ደጋ ፀሐይስ? ከተማችን ነፋስ መውጫ ከባሕር ወለል 3000 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች፣ ብርዱ የፀሐዩን ኃይል ያስረሳናል።

ተባባሪ፦ ዋናው ነገር እሱ ነው፤ ከፍታ 1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር ከመቶ 10 እጅ ያህል ስለሚበረታ፣ ሬቲኖል የተቀባ ፊትም ለፀሐይ ስስ ስለሚሆን፣ ማለዳ ኤስፒኤፍ 30 የፀሐይ መከላከያ ሳይቀቡ፣ ጃንጥላም ሳይዙ ገበያ መውጣት አይገባም።

አቅራቢ፦ ፊት ቢላጥስ?

ተባባሪ፦ ጥቂት መላጥ በመጀመሪያ ይጠበቃል፤ ቢያቃጥል ግን ይቁም፤ የእኛ ቆዳ ሲቆጣ ጥቁር ምልክት ይተዋልና።

አቅራቢ፦ እንግዲህ አድማጮቻችን፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለመፅነስ ያሰበች እናት ሬቲኖልን ፈጽሞ አትቀባ፤ ሌላውም የሚያጠራጥረው ነገር ቢኖር አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።