የሞት ፍርድና ነጋሪዎቹ
(በአዳማ በተማሪዎች ኅብረት የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ ለመናገር የተነሣነው የሞት ቅጣት ይኑር ወይስ ይቅር በሚለው በቆየው ክርክር ላይ አይደለም። በዚያ ነገር ይህን ንግግር ያዘጋጀነው እንኳ እርስ በርሳችን አልተስማማንም። የምንናገረው ስለ ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም መንግሥት በሰው ላይ ሞት ሲፈርድና ፍርዱን ሲያስፈጽም፣ ጋዜጣው፣ ራዲዮውና ቴሌቪዥኑ ነገሩን ለሕዝብ እንዴት አድርገው እንደሚነግሩት ነው። በሌላ ዜና ላይ ስሕተት ቢገኝ በማግሥቱ ማረሚያ ይወጣለታል። በዚህኛው ግን ማረሚያው የሚደርሰው ከቀብር በኋላ ነው።

በአገራችን ወሬ ለሕዝብ ይደርስ የነበረው በነጋሪት ነው። ዐዋጅ ነጋሪው «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ አሰማ» ብሎ ይጮኻል እንጂ ቆሞ ጥያቄ አይቀበልም። በ1934 ዓ.ም. የተቋቋመው የሕግ ማወጂያ ጋዜጣችን «ነጋሪት ጋዜጣ» መባሉ ስለዚህ ተገቢ ነው፤ ሕግ ይታወጃልና። ነገር ግን ዕለታዊው ጋዜጣም ስለ ሞት ፍርድ ሲጽፍ በነጋሪት ድምፅ ሲናገር ኖሯል። የእኛ ቅሬታ ከዚህ ላይ ነው።

ከቅርባችን እንጀምር። ሞጆን የማያውቅ ከመካከላችን የለም፤ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ ሻይ የምንጠጣባት ከተማ ናት። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የተደረገው የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ከከሸፈ በኋላ፣ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ ታኅሣሥ 15 ቀን የተከበቡት በዚያችው በሞጆ አቅራቢያ ነበር። ገርማሜ እጁን ሳይሰጥ ሞተ፤ ጄኔራሉ ቆስለው ተያዙ። የገርማሜ አስከሬን አዲስ አበባ ተወስዶ በአደባባይ ተሰቀለ። ጄኔራሉም ፍርድ ቤት ቀርበው ሞት ከተፈረደባቸው በኋላ በመጋቢት 1953 ዓ.ም. በሕዝብ ፊት ተሰቀሉ። ያን ጊዜ ማንበብ የሚችለው ሰው ጥቂት ነበር፤ ራዲዮ ያለውም እንዲሁ። ስለዚህ ዋናው ጋዜጣ መስቀያው ራሱ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። ለሙከራው ድጋፍ ሰልፍ የወጡት የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ያን ጋዜጣ ሳያነቡት አልቀሩም።

ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወስደውን መንገድ ደግሞ ያዙ። ዴራና ኢተያ በዚያ መንገድ ላይ ናቸው። በ1958 ዓ.ም. የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ታላላቅ ስብሰባዎችን ያደረገው በእነዚሁ ከተሞች ነው። በማግሥቱ ዓመት በአዲስ አበባ በሲኒማ ኢትዮጵያ ቦምብ ፈነዳ፤ የማኅበሩ መሪዎችም ተያዙ። በጄኔራል ታደሰ ብሩና በማሞ መዘምር ላይ ሞት ተፈረደ። ማሞ ተሰቀለ፤ የጄኔራሉ ቅጣት ግን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠላቸው። እኒሁ ሰው በመጋቢት 1967 ዓ.ም. በደርግ ተረሸኑ። አንዱ መንግሥት የማረውን ሌላው መንግሥት ገደለው ማለት ነው። ኢተያ ተሰብስቦ የነበረ አንድ ገበሬ ማሞ ለምን እንደ ተሰቀለ፣ ታደሰ ለምን እንደ ተማሩ፣ ኋላም ለምን እንደ ተገደሉ ለመረዳት ቢፈልግ ምን ያነብብ ነበር? ፍርዱን የሰጡትን ወገኖች ቃል ብቻ።

ከሁሉ ይልቅ ግን ቆመን ልናየው የሚገባው የ1967 ዓ.ም. ኅዳር ነው። በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ ያነሣው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕሎች ጋር ተቀናብሮ በቴሌቪዥን ታየ። ረሃቡ እውነት ነበር፤ መደበቁም እውነት ነበር፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ያ ፊልም የታየው ማን ምን እንዳጠፋ ለመመርመር አልነበረም። የሕዝቡ ቁጣ ተዘጋጅቶ እንዲቆይ ነበር። ሁለት ወር ተኩል ሳይሞላ ኅዳር 14 ቀን 60 የሚባሉት የቀድሞ ባለሥልጣኖችና መኰንኖች ተገደሉ። በማግሥቱ ራዲዮው «ፖለቲካዊ ውሳኔ» ብሎ ስማቸውን ዘረዘረ። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኰንን በዚያ ዝርዝር ውስጥ ነበሩ። ጄኔራል አማን አንዶምም ነበሩበት፤ እርሳቸው ግን የሞቱት በቤታቸው በተደረገ ተኩስ ነው። ተዋግቶ የሞተውና ከእስር ቤት ወጥቶ የተረሸነው በአንድ ዝርዝር ሲነበቡ ልዩነታቸው ጠፋ። የዳኛ ስም፣ የጠበቃ ክርክር፣ የይግባኝ ቀን ከዚያ ውስጥ አይገኝም፤ ችሎት አልነበረምና። እስከ ዛሬ ድረስ በየቤቱ «የ60ዎቹ ግድያ» ነው የሚባለው። ሕዝቡ ራዲዮው ያልሰጠውን ስም ራሱ አወጣለት።

ከዚያ በኋላ የመጣው ቃል ደግሞ «አብዮታዊ እርምጃ» ነው። እርምጃ የእግር ነገር ነው፤ ሕፃን ሲራመድ የምናየው ነው። በቀይ ሽብር ዘመን ግን በናዝሬትም እንደ ሌሎቹ ከተሞች ሁሉ «እርምጃ ተወሰደበት» ማለት ተገደለ ማለት ሆነ። የሰዋስው መምህራኖቻችን ይፍረዱን፤ «ተወሰደበት» በሚለው ግሥ ውስጥ የወሰደው ማን እንደ ሆነ የሚታይበት ቀዳዳ የለም። ገዳዩ ከዐረፍተ ነገሩ ሾልኮ ወጣ፤ ሟቹ ብቻ ቀረ። ከዜናው ጋር ቀረርቶ ይሰማ እንደ ነበር የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች አሁንም አሉ። በግንቦት 1982 ዓ.ም. 12 ጄኔራሎች ሲገደሉ ቃሉ ትንሽ ቢለዝብም ልማዱ ያው ነበር፤ ሕዝብ የሚሰማው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።

ዛሬ ሕጉ ሌላ ነው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ስቅላትን የፈቀደ ሲሆን፣ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 117 በአደባባይ መስቀልን ከልክሏል። በሞት የሚቀጣው ወንጀሉን ሲፈጽም 18 ዓመት የሞላው፣ ከባድ ወንጀል ፈጽሞ የተገኘና ቅጣት ማቅለያ የሌለው ሰው ነው፤ ፍርዱም ርእሰ ብሔሩ ካላጸደቀው አይፈጸምም። ይህ የመጨረሻው ነገር እጅግ ትልቅ ነው፤ ከፍርዱና ከሞቱ መካከል ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉና። ዜናው ግን «በሞት እንዲቀጣ ተወሰነ» ብሎ ያበቃል። መቂ፣ ባቱ ወይም ሻሸመኔ ሻይ ቤት ተቀምጦ የሚያዳምጥ ሰው የተፈረደበት ያን ዕለት ማታ የሞተ ይመስለዋል። ይግባኙ የት ደረሰ፣ ፕሬዚዳንቱ አጸደቁ ወይስ አላጸደቁ፣ ሰውየው ዛሬ በሕይወት አለ ወይስ የለም የሚል ሁለተኛ ዜና ስንቶቻችሁ ሰምታችኋል?

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ በይፋ ተፈጸሙ ተብለው የታወቁት የሞት ፍርዶች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው በ1990 ዓ.ም. ጄኔራል ኃየሎም አርአያን በመግደል በተፈረደበት ሰው ላይ፣ ሁለተኛው በ1999 ዓ.ም. የደኅንነት ኃላፊውን ክንፈ ገብረ መድኅንን በመግደል በተፈረደበት ሻለቃ ላይ ነው። የሁለቱም ሟቾች ታላላቅ ባለሥልጣኖች ነበሩ። ደሃ ገበሬ የገደለ ሰው በፍርድ ቤት ሞት ይፈረድበታል፤ ግን እንደ ተፈጸመበት አልተነገረም። እኛ ይፈጸምበት ማለታችን አይደለም! የሰው ደም በማዕረግ ይመዘናል ወይ ብሎ መጠየቅ የጋዜጠኛ ሥራ ነው እንላለን።

ምሕረትም ቢሆን በዜና አያያዝ ከሞት የተሻለ ዕድል አላገኘም። የደርግ ባለሥልጣኖች ችሎት በ1987 ዓ.ም. ተከፍቶ ፍርዱ እስኪሰጥ 12 ዓመት ወሰደ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌሉበት በጥር 1999 ዓ.ም. ዕድሜ ልክ እስራት፣ በግንቦት 2000 ዓ.ም. ደግሞ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ሞት ተፈረደባቸው። በግንቦት 2003 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ የ23 የደርግ ባለሥልጣኖችን የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጡ፤ የሃይማኖት አባቶችም ምሕረት እንዲደረግ ሲለምኑ ቆይተው ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 እንዲህ ያለውን ወንጀል በይቅርታ ማለፍ ቢከለክልም ሞቱን ወደ ዕድሜ ልክ መለወጥን ለርእሰ ብሔሩ ይፈቅዳል። ይህን አንቀጽ ለአንባቢ የማያስረዳ ዜና አንዱን «ተማሩ» አሰኝቶ ያስቈጣል፤ ሌላውን «ሕግ ተጣሰ» ያሰኛል።

በእኛ አገር በአርሲም ሆነ በሸዋ ኦሮሞ ዘንድ ሰው ሲገደል ጉማ አለ። የሟች ወገንና የገዳይ ወገን በሽማግሌ ፊት ይቀመጣሉ፤ ካሣ ይቈረጣል፤ ሁለቱም ይናገራሉ። ጉማ ፍርድ ቤትን ይተካ አንልም፤ ጕድለቱን የምናውቀው ነን። ነገር ግን ከእርሱ ጋዜጠኛ የሚማረው ነገር አለ፤ በጉማ ላይ ዝም የሚል ወገን የለም። በእኛ ዜና ግን የሟች እናትም የተከሳሽ ሚስትም ድምፅ የላቸውም። የሚናገረው ዐቃቤ ሕግ ነው።

በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በሳዑዲ ዓረቢያ በናጅራን ኢትዮጵያውያን በሐሺሽ ማስገባት ተከሰው ከሶማሌዎች ጋር በሞት ተቀጡ። ወሬውን የነገረን የዚያ አገር መንግሥት የዜና አገልግሎት ነው። ጠበቃና አስተርጓሚ እንደ ነበራቸው ወይም እንዳልነበራቸው የሚነግር አንድ ዐረፍተ ነገር ብናገኝ ደስ ባለን ነበር። ነጋሪት በሌላ አገርም አለ ለማለት ነው።

እንግዲህ የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። የምሥራቅ ሸዋ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በዚችው ከተማ ነው፤ ችሎቱም በመርሕ ለሕዝብ ክፍት ነው። ኅብረታችን አንድ መዝገብ ይክፈት። ሞት ሊያስፈርድ የሚችል ክስ በተሰማ ቍጥር ሁለት ተማሪ እየሄደ ይቀመጥ፤ አንዱ አፋን ኦሮሞ በሚገባ የሚያውቅ ይሁን፤ ችሎቱ የሚካሄደው በዚያ ቋንቋ ነውና። የተጠቀሰው አንቀጽ፣ ጠበቃው መንግሥት ያቆመው መሆኑ ወይም አለመሆኑ፣ የይግባኙ ቀን፣ የሁለቱም ወገን ቤተ ሰብ ያለው ይጻፍ። ከስድስት ወር በኋላም ተመልሶ ይጠየቅ። የተገኘው ሁሉ ስም ሳይጠቀስ በዚሁ ጋዜጣችን ይታተም። ወረቀትና ቀለም አጭር መሆኑን እናውቃለን፤ ለዚህ ግን ከስፖርቱ ገጽ ላይ ግማሹን ብንወስድ እግር ኳስ ወዳዶች ይቅር ይሉናል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ፈቃደኛ የሆናችሁ ከዚህ ስብሰባ በኋላ በጸሐፊው ጠረጴዛ ተመዝገቡ።